ከቆሻሻ ጋዝ ሚቴንን የሚለየው የሜምብሬን ቴክኖሎጂ፦ አሠራሩ፣ ተሞክሮውና ከውሳኔ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

በከተሞች የደረቅ ቆሻሻ መጣያ ሥፍራዎች፣ በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎችና በቄራዎች የሚከማች በስባሽ ተረፈ ምርት አየር በማያገኝበት ሁኔታ ሲብላላ ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ ሳይሰበሰብ ወደ ከባቢ አየር ሲለቀቅ ጉዳት ያደርሳል፤ ተሰብስቦ በሚገባ ሲጣራ ደግሞ ከጉድጓድ ከሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ የማያንስ ነዳጅ ይሆናል። የማጣራቱን ሥራ ከሚያከናውኑት ዘዴዎች መካከል ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ተፈላጊነቱ እየጨመረ የመጣው የሜምብሬን ቴክኖሎጂ ነው።

ቴክኖሎጂውን የሚያቀርቡ ኩባንያዎች ለከተማ አስተዳደሮች በሚያስተዋውቋቸው ሰነዶች ላይ መሣሪያው ሚቴንን እስከ 99 በመቶ እንደሚያስቀር መግለጻቸው የተለመደ ነው። አኃዙ ሐሰት አይደለም። ይሁንና የሚለካው ወደ መሣሪያው የደረሰውን ጋዝ ብቻ በመሆኑ፣ በመጣያው ላይ የሚባክነውን አይጨምርም። በዚህ ልዩነት ላይ የጠራ ግንዛቤ ሳይያዝ የሚፈረም ውል የሕዝብን ገንዘብ ለአንድ ውድ መሣሪያ አውሎ የአካባቢውን ችግር እንዳለ ሊተው ይችላል።

ጋዙ የሚፈጠረው በአንድ ጊዜ አይደለም። ቆሻሻ በተጣለ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ረቂቅ ተሕዋስያን በክምሩ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ተጠቅመው ይጨርሳሉ። ከዚያ በኋላ ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉት ተራውን ይረከባሉ፤ ከወራት በኋላም የሚቴን ምርት ተጀምሮ 20 እና 30 ዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። በአግባቡ ከተሸፈነ መጣያ የሚወጣ ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሚቴን ሲሆን፣ ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከእነዚህ ጋር የውሃ እንፋሎት፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ከሳሙናና ከመዋቢያ ምርቶች የሚመነጩ ሲሎክሴን የተባሉ ውህዶች እንዲሁም ከውጭ የገባ አየር በተለያየ መጠን ይገኛሉ።

ሚቴን ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ በሚሆን መጠን ተደባልቆ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1986 በእንግሊዝ ደርቢሻየር፣ ሎስኮ በተባለች መንደር የአየር ግፊት በፍጥነት በቀነሰበት ዕለት ከአቅራቢያው የቆሻሻ መጣያ በመሬት ስንጥቅ አልፎ የመጣ ጋዝ አንድ መኖሪያ ቤት አፍርሷል። ከሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ጋዙ መንገዱን ያገኘው ማንም ሳያየው ነበር።

ከአየር ንብረት አኳያም ጉዳዩ ክብደት አለው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የሚሠራው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባዔ እንደሚያስቀምጠው፣ አንድ ቶን ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከ27 እስከ 30 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ ከ80 ቶን ያላነሰ ሙቀት ይይዛል። በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው ግን በአማካይ 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም ልቀቱን የመቀነስ ጥቅም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው በተካሄደው ጉባዔ ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ የሚቴን ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ልቀቱን ከ2020 መጠን በ30 በመቶ ለመቀነስ ያለመውም ከዚህ በመነሳት ነው።

የተሰበሰበ ጋዝ ሦስት ዕጣዎች አሉት። የመጀመሪያው በማቃጠያ ችቦ ማንደድ ነው፤ ይህ ሚቴኑን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለውጠው ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ገቢ ግን አያስገኝም። ሁለተኛው ጋዙን ጥቂት አጽድቶ በሞተር በማቃጠል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነው። ሦስተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወግዶ ሚቴኑን ለብቻው ማግኘት ነው። ግማሽ አካሉ የማይነድ ጋዝ የሆነ ነዳጅ በሲሊንደር ተጨምቆ ለተሽከርካሪ ሊውል ወይም ወደ ጋዝ መስመር ሊገባ አይችልም። ሜምብሬን የሚያስፈልገው ለዚህ ለሦስተኛው መንገድ ብቻ ነው። በቤተሰብ ደረጃ ከከብት እበት ባዮጋዝ አምርቶ ምግብ ለማብሰል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማስወገድ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የተገነቡት የገጠር ማብላያዎች ያለ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያገለግሉትም ስለዚህ ነው።

ሜምብሬን ማለት ስስ መለያ ሽፋን ነው። ብዙዎች እንደ ወንፊት አድርገው ያስቡታል፤ ንጽጽሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። ለጋዝ የሚውለው ሽፋን ዓይነተኛ ቀዳዳ የለውም። ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ከሽፋኑ አንደኛው ገጽ ላይ ሲያርፍ በቁሱ ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያም ግፊቱ ዝቅ ወዳለበት ወደ ሌላው ገጽ ቀስ በቀስ ይሰርጋል። በቁሱ ውስጥ ይበልጥ የሚሟሟና መጠኑ አነስ ያለ ሞለኪውል ፈጥኖ ያልፋል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ስፋት 0.33 ናኖሜትር፣ የሚቴን ደግሞ 0.38 ናኖሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ቢመስልም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሽፋኑ ውስጥ የመሟሟት ዕድሉም ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ፖሊኢሚድ ከተባለው ፕላስቲክ በተሠራ ሽፋን ከሚቴን በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያልፋል። የውሃ እንፋሎት ከሁለቱም ይፈጥናል።

ሽፋኑ የሚሠራው እንደ ፀጉር በቀጠኑ፣ መሐላቸው ባዶ በሆኑ ክሮች መልክ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች በአንድ የብረት ቱቦ ውስጥ ታስረው ይቀመጣሉ። ጋዙ በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 ባር በሚደርስ ግፊት ተጨምቆ በክሮቹ ውስጥ ሲጓዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በግድግዳቸው ሰርጎ ይወጣል፤ ሚቴኑ በክሮቹ ውስጥ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ጠቀሜታ አለ። የሚፈለገው ጋዝ ግፊቱን እንደያዘ ስለሚወጣ ወደ ሲሊንደር ወይም ወደ መስመር ለማስገባት የሚጠይቀው ተጨማሪ ጉልበት አነስተኛ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግርሃም ጋዞች በጎማ ሽፋን ውስጥ ሟሟተው እንደሚያልፉ እ.ኤ.አ. በ1866 አስረድቷል። ሆኖም ሽፋኑ ወፍራም ሲሆን ጋዙ የሚያልፈው እጅግ በዝግታ፣ ሲሳሳ ደግሞ የሚቀደድ በመሆኑ ዕውቀቱ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ከላቦራቶሪ አልወጣም። በ1960ዎቹ መግቢያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን የባሕር ውሃን ለማጣራት የሠሩት፣ እጅግ ስስ ገጽ በተቦረቦረ ደጋፊ አካል ላይ ያረፈበት ሽፋን ችግሩን ፈታ። ለጋዝ በስፋት መዋል የጀመረው በ1980ዎቹ ሲሆን፣ መጀመሪያ ሃይድሮጅንን፣ ቀጥሎም ከተፈጥሮ ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለመለየት ነበር።

በቆሻሻ ጋዝ ላይ ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች መካከል በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ የሚገኘው የፑዌንቴ ሂልስ መጣያ ይጠቀሳል። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ የጀመረው ተቋም ጋዙን በሜምብሬን አጣርቶና ጨምቆ ለተሽከርካሪዎች ያቀርብ ነበር። መጣያው እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘግቷል። በኦስትሪያ ብሩክ አን ደር ላይታ በተባለች ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በቪየና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎ የተቋቋመው ማጣሪያ ከተረፈ ምርት የሚመነጭ ባዮጋዝን ወደ ጋዝ መስመር አስገብቷል። የማምረት አቅሙ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ቢሆንም ዲዛይኑ ትኩረት የሚስብ ነው። በሽፋኑ ሰርጎ የሚወጣውና ጥቂት ሚቴን የያዘው ጋዝ ወደ አየር እንዲለቀቅ አልተደረገም፤ ቀድሞ በሥፍራው ወደ ነበሩት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተሮች ተመልሶ እንዲቃጠል ተደረገ እንጂ።

ይህ ጉዳይ ማብራሪያ ያሻዋል። ማንኛውም ሽፋን ፍጹም ስላልሆነ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጋር ጥቂት ሚቴንም አብሮ ያመልጣል። ለአብነት ያህል በሰዓት 1,000 ሜትር ኩብ የቆሻሻ ጋዝ የሚቀበልና ግማሹ ሚቴን የሆነ ተቋም ቢወሰድ፣ ወደ መሣሪያው የሚገባው ሚቴን 500 ሜትር ኩብ ነው። መሣሪያው 90 በመቶውን ብቻ ቢያስቀር በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ይባክናል። ይህ በዓመት በ8,000 የሥራ ሰዓት ሲሰላ ወደ 290 ቶን ሚቴን የሚጠጋ ሲሆን፣ በ100 ዓመት ስሌት 8,000 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመልቀቅ ጋር ይስተካከላል። መሣሪያው 99 በመቶውን ሲያስቀር ብክነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ያመለጠው ጋዝ ወደ አየር የሚለቀቅ ከሆነ፣ ለአካባቢ ጥበቃ በሚል የተገነባ ተቋም ጋዙን በችቦ ብቻ ከሚያነድ ቀላል መሣሪያ የባሰ ልቀት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

ብክነቱን ለመቀነስ ሽፋኖቹ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ ይደረደራሉ። በአንደኛው ደረጃ ያመለጠው ጋዝ ተመልሶ ይጨመቅና እንደገና ይጣራል። በሦስት ደረጃ የተደራጁ ዘመናዊ ተቋማት ንጽህናው ከ96 በመቶ በላይ የሆነ ሚቴን እያመረቱ ከ99 በመቶ በላይ ማስቀረት ችለዋል። ክፍያው ተጨማሪ ሽፋንና የኮምፕሬሰር ኃይል ነው። በጥቅሉ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ጥሬ ጋዝ ከ0.2 እስከ 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ አንድ ሜትር ኩብ ንጹሕ ሚቴን 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ስላለው ወጪው የሚያከስር አይደለም። ኤሌክትሪክ በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ ግን ኮምፕሬሰሩ በቆመ ቁጥር ጋዙ የሚሄድበት ተጠባባቂ ችቦ ሊኖር ግድ ነው። ጀርመን ወደ ጋዝ መስመር ለሚገባ ባዮሚቴን በማጣራት ሂደት የሚያመልጠውን መጠን በሕግ ወስና፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 አጋማሽ ወዲህ ጣሪያውን ከ0.5 ወደ 0.2 በመቶ ዝቅ አድርጋለች። በተግባርም ይህ ገደብ የሚከበረው ያመለጠውን ጋዝ በማቃጠል ነው።

ቅድመ ዝግጅቱ እምብዛም የማይነገርለት የሥራው ክፍል ነው። ጋዙ ወደ ሽፋኑ ከመድረሱ በፊት ቀዝቅዞ እርጥበቱ መውጣት አለበት። ሃይድሮጅን ሰልፋይዱና ሲሎክሴኑም በተለየ ሁኔታ በተዘጋጀ ከሰል ላይ ተይዘው መቅረት ይኖርባቸዋል። ከሰሉ በየጊዜው ይተካል፤ ሽፋኖቹም በጥንቃቄ ከተያዙ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላሉ። እነዚህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። የውጭ ምንዛሪ በሚፈለግበት ሰዓት ካልተገኘና የከሰሉ መተኪያ ከዘገየ፣ ዋጋው ከፍ ያለው ሽፋን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይበላሻል።

ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪው አየር ነው። ከመጣያ ጋዝ የሚሰበሰበው ጉድጓድ ተቆፍሮ በፓምፕ በመሳብ እንደመሆኑ፣ ስበቱ ሲበረታ ወይም የአፈሩ ሽፋን ሲሰነጠቅ የውጭ አየር አብሮ ይገባል። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ከሚቴን ጋር ይቀላቀላሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሚገባ የሚለየው ፖሊኢሚድ ሽፋን ናይትሮጅንን ከሚቴን ለመለየት እጅግም አይረዳም፤ የሁለቱ ፍጥነት ተቀራራቢ ነውና። ናይትሮጅን የበዛበት ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሁሉ ቢወጣለት እንኳ የተፈጥሮ ጋዝ ደረጃን አያሟላም።

ለዚህ ችግር በፈረንሳይ የተገኘው መልስ በምሳሌነት የሚታይ ነው። ከግርኖብል አካባቢ የተነሳው ዋጋ ኢነርጂ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 በሳን ፍሎረንታን መጣያ ላይ የመጀመሪያውን ተቋም ሥራ አስጀመረ። በዚህ ተቋም ሜምብሬኑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ካስወገደ በኋላ የቀረው ጋዝ በብርቱ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። ሚቴን ወደ ፈሳሽነት የሚለወጠው ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ናይትሮጅን የሚለወጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ በመሆኑ፣ ሚቴኑ ፈሳሽ ሆኖ ሲለይ ናይትሮጅንና ኦክስጅኑ በጋዝነታቸው ይወጣሉ። ኩባንያው በዚህ መንገድ ወደ መሣሪያው ከሚገባው ሚቴን 90 በመቶውን እንደሚያስቀር ይገልጻል። ዘዴው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተስፋፍቷል። መሠረቱ ግን በሚገባ የተሸፈነ መጣያና ጋዙን የሚገዛ የመስመር ባለቤት መኖሩ ነው፤ በፈረንሳይ መስመሩም፣ ለረጅም ዓመታት ዋጋ የሚያረጋግጥ ውልም አስቀድሞ ነበር።

ሜምብሬን ብቸኛው አማራጭ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በግፊት ውሃ ማጠብ፣ በአሚን ኬሚካል ማሟሟት ወይም በቅንጣት ቁሶች ላይ እያስያዙ መልቀቅ ይቻላል። ሜምብሬን የሚመረጠው ቦታ የማይፈጅ፣ ኬሚካል የማይጠይቅና ጋዙ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ቱቦ በመጨመርና በመቀነስ የሚስተካከል ስለሆነ ነው። ውሃ እንደ ልብ በሚገኝበት ሥፍራ ማጠቢያው የተሻለ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩን ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር አያይዞ ለመመልከት የአዲስ አበባው ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው ሥፍራ ዋነኛው ማሳያ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ የተከመረበት ይህ ሥፍራ ከ30 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የሰንዳፋ መጣያ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ከወራት በኋላ በመቆሙ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የክምሩ አንድ ክፍል ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው ይታወሳል። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተገነባ ነው። ይህ ማመንጫ ቆሻሻውን ራሱን የሚያነድ እንጂ ከክምሩ ጋዝ የሚሰበስብ አይደለም፤ ሁለቱ በብዙ ሰነዶች ሲቀላቀሉ ይታያል። ከአደጋው በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን ድጋፍ በሥፍራው የተሞከረው የፉኩኦካ ዘዴ ደግሞ ወደ ክምሩ አየር እንዲገባ በማድረግ ሚቴን እንዳይፈጠር የሚከላከል ነው።

እነዚህ መንገዶች እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። ቆሻሻ ሲቃጠል ወደፊት ጋዝ የሚሰጠው በስባሽ አካል አብሮ ይጠፋል። አየር የገባበት ክምር ሚቴኑ የቀነሰና ናይትሮጅን የበዛበት ስለሚሆን ለሜምብሬን አይመችም። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ሥፍራ ላይ የአየር ማስገቢያ ፕሮጀክትና የጋዝ ሽያጭ ፕሮጀክት ጎን ለጎን ቢያጸድቅ አንዱ የሌላውን ግብዓት እያጠፋ ነው። ለክምሩ ደኅንነት ቅድሚያ በሚሰጥበት ያረጀ መጣያ አየር ማስገባቱ፣ ከጅምሩ ወለሉ ተነጥፎ በሚሠራ አዲስ መጣያ ደግሞ ጋዝ መሰብሰቡ የተሻለ ምክንያት ያለው ምርጫ ይመስላል።

የገበያው ጥያቄም ክፍት ነው። ኢትዮጵያ ለከተማ ቤቶች የተዘረጋ የጋዝ መስመር የላትም። ኤሌክትሪኳ በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ በመሆኑ ከቆሻሻ ጋዝ ኤሌክትሪክ ማምረት በነዳጅ ድንጋይ በሚተማመኑ አገሮች የሚገኘውን ያህል የልቀት ቅናሽ አያስገኝም፤ ጥቅሙ ሚቴኑ መጥፋቱ ላይ ነው። ጋዙን ጨምቆ ለመኪና ማቅረብ ከውጭ የሚገባ ነዳጅን ይተካል። ሆኖም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኖ ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ፊቱን በማዞሩ የዚህ ገበያ ስፋት ከቀድሞው ጠበብ ብሏል። የሚቀሩት ደንበኞች ከባድ ተሽከርካሪዎች እንዲሁም በመጣያው አቅራቢያ ለማሞቂያ ናፍጣ የሚያነዱ ፋብሪካዎች ናቸው። ለእነዚህ ፋብሪካዎች ግን ጋዙ እርጥበቱና ሰልፋይዱ ወጥቶለት በአጭር ቧንቧ ቢደርስ በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ሁኔታ ሜምብሬን መግዛት አላስፈላጊ ወጪ ነው።

የ99 በመቶው ጥያቄ መልስ የሚያገኘውም እዚህ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በደንብ ተሸፍነው የመሰብሰቢያ ጉድጓድ ከተቆፈረላቸው መጣያዎች የሚሰበሰበውን ጋዝ ለግምት ሥራ በአማካይ 75 በመቶ አድርጎ ይወስዳል። በዚህ ላይ 99 በመቶ የሚያስቀር ሜምብሬን ቢገጠም ከመጣያው ከመነጨው ሚቴን ጥቅም ላይ የሚውለው 74 በመቶ ገደማ ነው። የመሰብሰብ አቅሙ 40 በመቶ በሆነ ክፍት ክምር ላይ ይኸው ውድ መሣሪያ ቢተከል ውጤቱ ከ40 በመቶ አይበልጥም። ከ99 ወደ 99.5 በመቶ ከፍ ለማድረግ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለሸክላ አፈር ሽፋንና ለጉድጓዶች የሚወጣው የበለጠ ሚቴን ያስቀራል።

ከዚህ አኳያ የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ አቅራቢው ዋስትና የሚሰጥበት አኃዝ በሽፋኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ያመለጠው ጋዝ በሚወጣበት ጭስ ማውጫ ላይ እንዲለካ፣ ልኬቱም በገለልተኛ አካል እንዲከናወን በውሉ ማስፈር ያስፈልጋል። ከጨረታው በፊት ደግሞ የሙከራ ጉድጓዶች ተቆፍረው ጋዙ ለሳምንታት እየተሳበ መጠኑ፣ የሚቴን ድርሻውና የሚገባው አየር መመዝገብ ይኖርበታል። በኮምፒዩተር ስሌት ብቻ የተገመተ የጋዝ መጠንና በጉድጓድ የተለካው በሰፊው የተራራቁባቸው መጣያዎች ብዙ ናቸው። የሙከራው ወጪ ከዋናው መሣሪያ ዋጋ አንጻር አነስተኛ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ውጤቱ ለሥፍራው የሚበቃው ጉድጓድ፣ ፓምፕና አንድ ማቃጠያ ችቦ ብቻ መሆኑን የሚያሳይ ይሆናል።